ሜትሶቮን በሁለት ሰዓት? አይሆንም እህቴ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች፤ ኦክቶበር ላይ ለአንድ ሳምንት ግሪክ ልወስዳት አስቤአለሁ። ዋናው ሐሳባችን ሜቴኦራን፣ ዓለት ጫፍ ላይ የተሠሩትን ገዳማት፣ ማየት ነው። እግረ መንገዳችሁን ሜትሶቮ የምትባል የተራራ ከተማ አለች ብለውኝ ፎቶዋን አይቼ ወደድኳት። ሁለት ሰዓት ቆም ብለን ብናያት ይበቃናል? እናቴ ጽጌን ትጾማለች፣ ጉልበቷንም ያማታል። እኔ የእጅ ሥራ ነገር ነፍሴ ነው። ምን እንይ፣ ምን እንብላ፣ ምን ገዝተን እንመለስ?»

አይበቃም። ሁለት ሌሊት እደሩ። ጊዜ ከሌላችሁ አንድ ሌሊት። እሱም ከሌለ ሜትሶቮን ተዉትና ለሜቴኦራ አንድ ቀን ጨምሩ፣ አልቀየምሽም።

እኔ ሰሜን ግሪክ ውስጥ ሰው ማስጎብኘት እንጀራዬ ነው። ብዙ ጊዜ የማመላልሰው የእኛን ሰው ነው፤ ከጀርመን፣ ከስዊድን፣ ከአሜሪካ የሚመጣ፣ እናቱን ወይም አባቱን ይዞ። መጀመሪያ አካባቢ እኔም ሜትሶቮን የቡና ማቆሚያ አድርጌአት ነበር። አውቶቡሱ ረፋድ ላይ ይደርሳል፣ ሰው ይወርዳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ የተጠበሰ አይብ ይቀምሳል፣ ማቀዝቀዣ ላይ የምትለጠፍ ማግኔት ይገዛል፣ ይሄዳል። በዚያው ሰዓት ደግሞ ሌሎች አምስት አውቶቡሶች ቆመዋል። ያ ሁሉ ሰው ያየው እርስ በርሱን ነው። አንድ ቀን መኪናችን ተበላሽቶ ሳንወድ አደርን። አመሻሽ ላይ አውቶቡሶቹ ሲሄዱ አደባባዩ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው ከቤታቸው ወጡና ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። የእንጨት ጭስ ሽታ ከየጭስ ማውጫው መውረድ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ከተማ ውስጥ መሆኔን ያወቅኩት።

አሁን ስለ ቦታው። ሜትሶቮ ያለችው ኢፒሮስ በሚባለው በሰሜን ምዕራብ ግሪክ ክፍል፣ ፒንዶስ ተራሮች ውስጥ ነው። ከፍታዋ 1,160 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር ሰምተሽ እንዳትሸወጂ። ከፍታው ከድሬዳዋ ብዙም አይለይም፣ ለሐበሻ ቆላ ነው። ግን ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቃችሁ አስቢ። ኦክቶበር ላይ ቀኑ ፀሐያማና ደስ የሚል ሊሆን ይችላል፣ ማታ ግን ደብረ ብርሃን ያስንቃል። ክረምት ላይ በረዶ ይጥላል፣ አጠገቧም የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች አሉ። ለእናትሽ ጋቢ ያዢላቸው፣ ቀልዴን አይደለም። ከጀርመን የምትገዢው ቀጭን ጃኬት አደባባይ ላይ ማታ ተቀምጦ ሻይ ለመጠጣት አይበቃም፤ ጋቢው ይበቃል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአቴንስ ባትመጡ ይሻላል፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለጉልበት አይመችም። ከጀርመን ከብዙ ከተሞች ወደ ተሰሎንቄ ቀጥታ በረራ አለ። ደግሞ እናትሽ «ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ተሰሎንቄ» መሆኗን ሲሰሙ ጉዞው ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ይጀምርላቸዋል። ከዚያ መኪና ተከራዩ። ኤግናቲያ የሚባለው አውራ ጎዳና ተራራውን በዋሻ በዋሻ እየበሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ሜትሶቮ ያደርሳችኋል። የክፍያ ኬላዎች ስላሉ ትንሽ የዩሮ ሳንቲም ያዢ። ድሮ ይህ መንገድ ሳይሠራ በፊት መኪናው ሁሉ ካታራ በሚባለው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው መተላለፊያ ነበር የሚያልፈው። ካታራ ማለት በግሪክኛ እርግማን ማለት ነው። በረዶ ላይ የነዳ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከሜትሶቮ ወደ ካላምባካ፣ ማለትም ወደ ሜቴኦራ ሥር፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ያዢለት።

የእናትሽ ቪዛ ጀርመን የሰጠችው ሼንገን ከሆነ ለግሪክም ይሠራል፣ የተፈቀደላቸውን ቀን ብቻ ቁጠሪ። ፓስፖርታቸውን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ያዢ፣ ሼንገን ውስጥም ቢሆን አንዳንዴ ይጠየቃል።

ስለ ጉልበታቸው። ሜትሶቮ ተራራ ላይ የተለጠፈች ከተማ ናት። መንገዶቿ በድንጋይ የተነጠፉ ቁልቁለቶች ናቸው፣ ዝናብ ሲነካቸው ደግሞ ያንሸራትታሉ። ሆቴል ስትይዢ ፎቶውንና ቁርሱን ትተሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «ከአደባባዩ እስከ እናንተ ድረስ ስንት ደረጃ አለ?» አደባባዩ ራሱ ሜዳ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ካፌውም፣ አብዛኛው ሱቅም እዚያው ዙሪያ ነው። አደባባዩ አጠገብ ካደራችሁ እናትሽ በገዛ እግራቸው ወጥተው ይገባሉ፤ አንቺ ወደ ሠፈሮቹ ስትወጪ እሳቸው ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ኦክቶበር 28 የግሪኮች ብሔራዊ በዓል ነው። በዚያ ሰሞን አቴንሱም ተሰሎንቄውም ወደ ተራራ ይወጣል፣ አልጋ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው። ቅዳሜና እሑድንም ሽሹ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ።

ከተማዋን ከሌሎቹ የግሪክ ተራራ ከተሞች የሚለያት ሕዝቧ ነው። የሜትሶቮ ሰዎች ቭላኽ ይባላሉ። ግሪኮች ናቸው፣ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ግን ከግሪክኛው ሌላ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ከላቲን የወጣ፣ ለሩማንያ ቋንቋ የሚቀርብ። ዛሬ በብዛት የምትሰሚው ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች አፍ ነው። በዚህ ቋንቋ «ጥሩ» ለማለት ለሴቴው «ቡነ» ይላሉ። «ቡነ ዙዋ» ማለት «ደህና ዋላችሁ» እንደማለት ነው። አንዲት የእኛ እናት ይህን ሰላምታ ሰምተው «ቡና ይጋብዙናል መሰለኝ» ብለው ቁጭ አሉ። እውነትም ተጋበዙ።

እነዚህ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ያደሩት በበግ ነው። በጋውን ተራራ ላይ፣ ክረምቱን ቆላ። የሚወጡት በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የሚወርዱት በቅዱስ ዲሜጥሮስ ነው፣ ኤፕሪል 23 እና ኦክቶበር 26። የጊዮርጊስን ቀን ልብ በይ፣ ከእኛ ሚያዝያ 23 ጋር የወሩ ቁጥር አንድ ነው፣ ወሩ ግን በየራሳችን አቆጣጠር ነው። ዛሬ አብዛኛው መንጋ በጭነት መኪና ነው የሚወርደው። አንዳንዴ ግን በእግር የሚነዳ ያጋጥማችኋል። መንገዱን ዘግቶ በጎቹ መኪናችሁን ከበው ሲያልፉ ጥሩምባ አትንፊ፣ ሞተሩን አጥፊና ቃጭሉን ስሚ።

ሌላው የሜትሶቮ ታሪክ የስደተኛ ታሪክ ነው፣ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ልጆቿ ለንግድ ወጡ። ብዙዎቹ እስክንድርያ፣ ግብፅ ገብተው ሀብታም ሆኑ። ሚካኤል ቶሲትሳ አንዱ ነው፤ ግብፅ ውስጥ የመጀመሪያው የግሪክ ቆንስል እሱ ነበር። ጊዮርጊዮስ አቬሮፍ ሌላው ነው፣ 1815 ሜትሶቮ ተወልዶ 1899 እስክንድርያ የሞተ። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ወደ አገር ቤት መለሱ። አቴንስ ያለው ታላቁ የምህንድስና ትምህርት ቤት ዛሬም ስሙ ውስጥ «ሜትሶቪዮ» የሚል አለበት፣ ያሠሩት የዚህች ትንሽ ከተማ ልጆች ስለሆኑ። በ1896 ለመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ የአቴንሱ የእምነ በረድ ስታዲየም ሲታደስ ወጪውን የቻለው አቬሮፍ ነው፤ 920,000 ድራክማ። የአቴንስ ክላሲክ ማራቶን የሚያልቀው እዚያ ስታዲየም ውስጥ ነው፣ ይህን ማራቶን ደግሞ በ1961 ያሸነፈው የእኛው አበበ ቢቂላ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸውና የአቬሮፍ ስም ያለበት ነገር ፊት ለፊት ፎቶ አንሺያቸው።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ደኽይታ ሰዉ ሊበተን ሲል፣ ኤቫንጌሎስ አቬሮፍ የተባለው ፖለቲከኛ (በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው) ስዊዘርላንድ ይኖሩ የነበሩትን ባሮን ሚካኤል ቶሲትሳን (ስማቸው ከቆንስሉ ጋር አንድ ነው፣ ሰውየው ግን ሌላ) አሳመናቸውና በ1947 በባሮኑ ስም ፋውንዴሽን ተቋቋመ። ዛሬ ሜትሶቮ ውስጥ የምታዪው ነገር ብዙው ከዚያ የበቀለ ነው። የአይብ ፋብሪካው፣ እንደገና የታነጸው የቶሲትሳ ቤት፣ ሌላም። ለዚህ ነው አይቡ የከተማዋን ታሪክ የሚያህለው።

አይቡ ሜትሶቮኔ ይባላል። ፋውንዴሽኑ የከተማዋን ወጣቶች ጣሊያን ልኮ አሠራሩን አስተማራቸው፣ ከዚያ በራሳቸው ወተት የራሳቸውን አወጡ። ከ1996 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው፣ ሌላ ቦታ ተሠርቶ በዚህ ስም አይሸጥም። ወተቱ በአብዛኛው የላም ነው፣ ጥቂት የበግ ወይም የፍየል ይገባበታል። ወተቱ ከረጋ በኋላ ይቆራረጥና ፍል ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ውስጥ እንደ ሊጥ ይታሻል፣ ይሳባል፣ እየተሳበ እንደ ክር ይሆናል። ከዚያ ሞላላ ቅርጽ ተሰጥቶት የጨው ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ በገመድ ታስሮ ይሰቀላል፣ ቢያንስ 3 ወር ይበስላል። በመጨረሻ ይታጠናል። አዎ፣ ይታጠናል። ለፈረንጅ ጎብኚ «ጭስ የገባው አይብ» ስለው ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። የወተት ቅል በወይራ ሲታጠን ያየች ኢትዮጵያዊት እናት ግን አንድ ጊዜ አሽትታ ትጨርሳለች። አይቡ የተሰቀለበት ክፍል በር ላይ ቆመው «ይሄማ የእናቴ ጓዳ ነው» ያሉኝን ሴትዮ አልረሳም።

ችግሩ ጽጌ ነው። ወርኃ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ የፈረንጁን ኦክቶበር አብዛኛውን ይዞታል። እናትሽ አይቡን አሽትተው ብቻ ሊመለሱ ነው ማለት ነው። መፍትሔ አለው። ሜትሶቮኔ ደረቅ ስለሆነ ይቆያል። አየሩ ተመጥጦ የታሸገውን ግዢላቸው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ ኅዳር 6 ለቁስቋም ትቆርጡታላችሁ። አንቺ የማትጾሚ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ቁራጭ ምጣድ ላይ ተጠብሶ፣ ውጭው ቡናማ ሆኖ ውስጡ ሲለሰልስ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ነው የሚበላው። ሳይቀዘቅዝ ብይ። ሲቀዘቅዝ ጎማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ግሪኮችም እንደ እኛ ብዙ የሚጾሙ ኦርቶዶክሶች ናቸው፣ ግን ጽጌ የላቸውም። የእነሱ የገና ጾም የሚገባው ኖቬምበር 15 ነው። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ከረቡዕና ከዓርብ ውጭ ቤቱ ሁሉ ፍስክ ነው፣ ምግብ ቤቱም የጾም ዝርዝር አያወጣላችሁም። «ኒስቲሲሞ» የምትል ቃል ያዢ፣ የጾም ማለት ነው። ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ ያከብራታልም። ግን እሷ ብቻ አትበቃም፣ ምክንያቱም ለእነሱ ኦክቶፐስና ቀንድ አውጣ የጾም ምግብ ነው፤ እናትሽ ሳህኑ ላይ ስምንት እግር ሲያዩ የሚሉትን እኔ አልጽፈውም። በዝርዝር ጠይቂ። «ሆሪስ ቲሪ» ያለ አይብ፣ «ሆሪስ ቩቲሮ» ያለ ቅቤ፣ «ሆሪስ ክሬያስ» ያለ ሥጋ።

ቅቤውን የጨመርኩት በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ኢፒሮስ የፒታ አገር ነው። ፒታ እዚህ ቂጣ አይደለም፤ በጣም በስሱ የተዳመጠ ሊጥ ተደራርቦ መሐሉ ላይ ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርት፣ እንጉዳይ ወይም አይብ ገብቶ በትልቅ ትሪ የሚጋገር ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ጿሚ አባታችን የጎመን ፒታ «ያለ አይብ» ብዬ አዘዝኩ። መጣ፣ ግሩም ነበር፣ ግማሹን በሉ። ኋላ የቤቱ እመቤት መጥታ «ጣፈጣችሁ? ሊጡን እኮ በበግ ቅቤ ነው የምቀባው» አለች በኩራት። አባታችን ሹካቸውን አስቀመጡ። እስከ ሜቴኦራ ድረስ አልተናገሩኝም።

ለእናትሽ የሚሆነው ምን አለ? ብዙ አለ። ትልልቅ ነጭ ቦሎቄ በቲማቲም ተጋግሮ የሚመጣው «ጊጋንዴስ» አጥግቦ የሚያሳድር ነው። «ፋሶላዳ» የሚባል የቦሎቄ ሾርባ አለ፣ ለብርዱ። «ሆርታ» የተቀቀለ የዱር ጎመን ነው፣ በወይራ ዘይትና በሎሚ፤ በርበሬ ብቻ ነው የሚጎድለው፣ ስለዚህ ሚጥሚጣ ከቤት ያዢ። የተጠበሰ እንጉዳይ በወቅቱ ነው፣ ጫካው ሞልቶታል። ግን ራሳችሁ እንዳትለቅሙ፣ የሚገድለውና የሚበላው ለማያውቅ ሰው አንድ ነው የሚመስለው። «ትራሃና» የምትባል ሾርባ ይሰጧችኋል፣ ስንዴ ናት ይሏችኋል፤ እውነት ነው፣ ግን ስንዴው ብዙ ጊዜ በወተት ነው የሚቦካው፣ ስለዚህ ለጾም አትሆንም። ሰዓቱስ? ይህ ደግሞ ደስ የሚል ነው። ግሪክ ምሳውን ዘግይቶ ነው የሚበላው፣ እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾሙ ምግብ ቤቱ ገና እየሞላ ነው።

ለማይጾም ሰው አደባባዩ ዙሪያ ሥጋው በእንጨት ተሰክቶ ከሰል ላይ ሲዞር ይውላል። «ኮኮሬትሲ» የሚሉት አንጀት የተጠቀለለበት ጉበትና ሳንባ አለ፣ ዱለት የሚወድ ሰው ይህን ሳይበላ እንዳይመለስ። ቀይ ወይኑም ከዚሁ ተራራ ነው። ያው ኤቫንጌሎስ አቬሮፍ የፈረንሳዩን ካቤርኔ ሶቪኞን ወይን አምጥቶ እዚህ ብርድ ላይ ተከለው፣ ሰዉ ሁሉ አበደ ሲለው። የወይን ጠጅ ቤቱ ዛሬ ጎብኚ ያስተናግዳል። «ትሲፑሮ» የሚሉትን ግን በልክ፤ ካቲካላ ነው፣ መልኩ ውሃ ስለሆነ ብዙ ሰው ያታልላል። ለእናትሽ «የተራራ ሻይ» እዘዢ፣ ደርቆ በነዶ የሚሸጥ የተራራ ቅጠል ነው፣ ከማር ጋር ለጉንፋን ይሰጡታል።

አሁን ወደ አንቺ ነፍስ፣ ወደ እጅ ሥራው። የሜትሶቮ ጠራቢዎች ስማቸው የወጣው በቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። መቅደሱን ከምእመናኑ የሚለየው የሥዕላት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ከእንጨት ይቀረጻል፤ የወይን ሐረግ፣ ወፎች፣ መላእክት። አደባባዩ አጠገብ ያለው የቅድስት ጰራስቄቫ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብተሽ ይህን መጀመሪያ እዪ። ቀርበሽ እዪ። ሐረጉ ከጀርባው ተፈልፍሎ አየር ያስተላልፋል፣ ወፏ ፍሬዋን ስትለቅም ምንቃሯ ሥር ክፍተት አለ። ዓይንሽ ያንን ከለመደ በኋላ ሱቅ ግቢ።

ምክንያቱም ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ የሜትሶቮ ሥራ አይደለም። አንድ ዓይነት ማንኪያ አሥር ተደርድሮ፣ አሥሩም መንትያ ከሆኑ፣ ማሽን ነው። የእጅ ሥራ መንታ የለውም። ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ፣ ማሽን ጀርባውንም ያለሰልሰዋል፣ መሮ ግን አሻራውን ይተዋል፣ በጣትሽ ይታወቅሻል። ክብደቱንም መዝኚ፤ ጠንካራ የመሰለው እንጨት ላባ ከቀለለሽ ቀለም የተቀባ ርካሽ እንጨት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባለ ሱቁን «ኤርጋስቲሪ?» ብሎ መጠየቅ ነው፣ የምትጠርብበት ቦታ የት ነው ማለት ነው። እውነተኛው ሰው ፊቱ ይበራል። ከጓዳ ወስዶ ያሳይሻል፣ መሬቱ ላይ ፍቅፋቂ አለ፣ ግድግዳው ላይ መሮዎቹ በመጠን ተደርድረዋል። ሌላው «ከሩቅ ነው» ይላል።

እኔ ብሆን «ግሊትሳ» ነበር የምገዛው። የእረኛ በትር ነው። ራሱ የታጠፈ ሆኖ የእባብ ወይም የበግ ራስ ይቀረጽበታል፣ በመታጠፊያው የበግ እግር ይያዛል። ሽማግሌዎቹ አደባባይ ላይ አገጫቸውን አስደግፈውበት ስታዪ መቋሚያ ይመስልሻል። ብዙ እናቶች ጉልበታቸውን ሰበብ አድርገው ገዝተዋል፣ አገር ቤት ሲገቡም ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ይሄዳሉ አሉ።

የሱፍ ሥራም አለ። «ፍሎካቲ» የሚባለው ጸጉራም የሱፍ ምንጣፍ የቭላኾች ሥራ ነው። ከተሸመነ በኋላ ወንዝ ተጠልፎ የሚሽከረከርበት ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል፣ ውሃው እያዞረ ሲመታው ሱፉ ያብጣል፣ ይጠብቃል። የመንዝ ባና የምታውቅ እናት ዳስሳ ዋጋውን መገመት ትችላለች። ጀርባውን አይተሽ ፕላስቲክ ወይም ጨርቅ ከተለጠፈበት ተዪው፣ እውነተኛው ጀርባውም ሱፍ ነው። ብር ከፈለግሽ ግን ሜትሶቮ አትግዢ። አንድ ሰዓት ወደማይሞላው ወደ ዮአኒና ውረጂ፣ የብር አንጥረኞች ከተማ ናት፣ ግንቡ ውስጥ የብር ሥራ ሙዚየም አላት።

የቶሲትሳ ቤት የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል፣ በቡድን በቡድን ነው የሚያስገቡት፣ ስለዚህ በር ላይ ትንሽ መጠበቅ ይኖራል። ደረጃ አለው፤ እናትሽ ካልቻሉ አንቺ ብቻሽን ግቢ። የአቬሮፍ የሥዕል ጋለሪ ከ1988 ጀምሮ የተከፈተ ነው፣ የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ዘመን የግሪክ ሠዓሊዎች አሉበት። ሁለቱም በሳምንት የሚዘጉበት ቀን ስላላቸው ሆቴሉን ጠይቂ።

ተፈጥሮውን በመኪና ነው የምትወጡት። የአኦስ ምንጮች ሐይቅ ከከተማው ቅርብ ነው፣ ከ1,300 ሜትር በላይ። ሰው ሠራሽ ነው፣ ለኤሌክትሪክ የተገደበ፣ ግን ካልነገሩሽ አታውቂም፤ ውሃው በጫካው ውስጥ ጣት ጣቱን ዘርግቶ ገብቷል። ዙሪያውን በመኪና ይኬዳል፣ እናትሽ ከመኪናው ሳይርቁ ያያሉ። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ቅጠሉ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ቫሊያ ካልዳ አለ፣ የፒንዶስ ብሔራዊ ፓርክ እምብርት፣ ከ1966 ጀምሮ የተጠበቀ፣ ቡናማ ድብ ያለበት። ስሙ በቭላኽ ቋንቋ «ሞቃት ሸለቆ» ማለት ነው፣ ቦታው ግን ከአገሩ ቀዝቃዛዎች አንዱ ነው፤ ቭላኾች ሲቀልዱ ነው መሰለኝ። መንገዱ ለተከራየ ትንሽ መኪና አይሆንም። እናትሽን ይዘሽ አትሞክሪው።

ድቡን አትፍሪ፣ እሱ ነው የሚሸሽሽ። የሚፈራው የእረኛ ውሻ ነው። መንጋ ካየሽ አትቅረቢ። ውሻው እየጮኸ ከመጣ አትሩጪ፣ ቁሚ፣ እጅሽን ዝቅ አድርጊ፣ እረኛውን ጥሪ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ተመለሺ። ፎቶ ለማንሳት ወደ ግልገሎቹ የተጠጋ አንድ ደንበኛዬ ሱሪውን ነው ከፍሎ የተመለሰው።

ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ እናትሽ ጫማቸውን ሊያወልቁ ይጎነበሳሉ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። እዚህ በጫማ ነው የሚገባው፣ ንገሪያቸው፣ ግን ማውለቅ ከፈለጉ ማንም አይከለክላቸውም፣ እንዲያውም አንድ የግሪክ ቄስ ይህን አይተው ዓይናቸው እንባ ሲሞላ አይቻለሁ። በር ላይ ሻማ ይወሰዳል፣ ሳንቲም ይጣላል፣ ሥዕሉ ይሳማል። ነጠላቸውን ይልበሱ። ቁርባን ግን የለም፤ እነሱ የኬልቄዶን ጉባኤን የተቀበሉ ናቸው፣ እኛ አልተቀበልንም፣ በቁርባን አንገናኝም። ከከተማው በታች ገደሉ ውስጥ የቅዱስ ኒቆላዎስ ገዳም አለ፣ በሥዕል ያሸበረቀ። በእግር ሲወርዱት ቀላል ነው፣ መመለሻው ነው ጉዱ። መኪና እስከ የት እንደሚያደርስ ሆቴሉን ሳትጠይቂ እናትሽን እንዳታስወርጃቸው።

እንግዲህ እኔ ብሆን ሰኞ ተሰሎንቄ አርፌ አድራለሁ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሶቹ ሊወጡ ሲሉ ሜትሶቮ እገባለሁ። ረቡዕ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑንና ጠራቢዎቹን፣ ከምሳ በኋላ ሐይቁን። ረቡዕ ደግሞ ለእነሱም ጾም ስለሆነ የጾም ምግብ ማግኘቱ ይቀላል። ሐሙስ ጠዋት አይቡን ገዝቶ ወደ ሜቴኦራ። አይቡን አስቀድመሽ አትግዢ፣ መኪና ውስጥ ያልባል። ግሊትሳ ከገዛችሁ ደግሞ አውሮፕላን ላይ በእጅ ልታስገቡት ስትሉ ሊከለክሏችሁ ይችላሉ፤ ርዝመቱን ለክተሽ ከሻንጣው ጋር አስጭኚው፣ ራሱን በጋቢው ጠቅልለሽ።